ሰንሩፍ ሲያፈስ፦ ከጎማው በፊት አሸንዳውን እንመልከት

የመኪና ዓምድ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። መምህርት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተሰብ ተረዳድቶ የገዛናት ሰንሩፍ (ጣሪያዋ ላይ ተከፍቶ የሚዘጋ መስታወት) ያላት ያገለገለች ራቭ ፎር መኪና አለችን። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በሾፌሩ በኩል ያለው የእግር ምንጣፍ ውሃ ይቋጥራል። ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው የጣሪያ ጨርቅም ጥጉ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ክብ አውጥቷል። የሚያስገርመኝ ነገር የምታፈሰው ሌሊት በራችን ላይ ስትቆም ብቻ መሆኑ ነው። ቤታችን ቁልቁለት ላይ ስለሆነ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገን ነው የምናቆማት። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሜዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብባት ብትውል ግን አንዲት ጠብታ አይገባባትም። ባለቤቴ ጋራዥ ወስዷት ነበር፤ «በሰንሩፉ ዙሪያ ያለው ጎማ ስላለቀ የሰንሩፉን መስታወት ከነጎማው ቀይሩ» ተባልን፤ የተጠየቅነው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ነው። ጎማውን በእጄ ስዳስሰው ለስላሳ ነው፤ ስንጥቅም አላየሁበትም። የሻገተው ሽታ ደግሞ ትንሹን ልጄን ያስነጥሰዋል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦

በመጀመሪያ፣ እኛ ወሎዬዎች እንደምንለው፣ አብሽሩ። ለመስታወቱ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሰዓት የማይፈጅ ፍተሻ አለ፤ ደብዳቤዎን ሳነብም የችግሩን ግማሽ ራስዎ ፈትተው እንዳቀረቡልኝ ተረድቻለሁ። መኪናዋ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጋ ስታድር ብቻ ማፍሰሷ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ቀን ሙሉ ዝናብ እየወረደባት ደረቅ ሆና መዋሏ ጥርጣሬውን ከጎማው ላይ ያነሣዋል። ጎማው አልቆ ቢሆን ኖሮ ሜዳው ላይም ባፈሰሰች ነበር።

ሰንሩፍ እንደ ፊት መስታወት በማጣበቂያ የታሸገ አይደለም። ተከፍቶ የሚዘጋ ነገር ስለሆነ ዙሪያውን የያዘው ጎማ የነፋሱን ድምፅና አብዛኛውን ውሃ ይመልሳል እንጂ የመጨረሻዋን ጠብታ እንዲያስቀር አልተሠራም። ጥቂት ውሃ ማለፉ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ከመስታወቱ ሥር፣ በክፍተቱ ዙሪያ፣ ውሃ የሚቀበል ቦይ አለ። የቆርቆሮ ቤት አሸንዳን ያስቡ፤ ከክዳኑ የወረደውን ውሃ ተቀብሎ በቱቦ ወደ መሬት ያወርደዋል። ከሰንሩፉ አሸንዳም በአብዛኛው መኪና ላይ ከአራቱ ማዕዘናት አራት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወርዳሉ፤ የአንዳንዶቹ ቁጥር ሁለት ብቻ ነው። የፊቶቹ የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ በያዙት ምሰሶዎች ውስጥ አልፈው በበሩ ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣሉ። የኋላዎቹ ደግሞ በኋላ ምሰሶዎች ወርደው ከኋላ ቸርኬው በላይ ወይም ከባምፐሩ ጀርባ ያፈስሳሉ። የቱቦው የውስጥ ስፋት ከአንድ እርሳስ ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ለመደፈንም ብዙ ነገር አይፈልግም።

አሁን ወደ በርዎ እንመለስ። መኪናዋ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጋ ስትቆም በአሸንዳው የተጠራቀመው ውሃ በሙሉ ወደ ፊት ማዕዘናት ይሄዳል። የፊት ግራው ቱቦ ከተደፈነ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ እየሞላ ይቆይና የአሸንዳውን ጠርዝ ያልፋል፤ የጣሪያውን ጨርቅ ያርሳል፤ በምሰሶው ውስጥ ወርዶ በሾፌሩ እግር ሥር ይተኛል። ቡናማው ክብ ጥጉ ላይ የታየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ደግሞ ውሃው በቀሩት ቱቦዎች በኩል መውጫ ያገኛል። ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ በተሠራች ከተማ መኪናው በየት በኩል አዘንብሎ እንደሚያድር ማወቅ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይጠቅማል። ደሴ ውስጥ መኪናዬ ያፈስሳል የሚለኝን ሰው ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ማቆሚያው ነው።

የመደፈኑ ምክንያት በአብዛኛው አቧራና ቅጠል ነው። በበጋው ወራት የተጠራቀመው ደቃቅ አቧራ አሸንዳው ውስጥ ደርቆ ይቆያል፤ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጭቃ ይለወጣል፤ በበልግና በክረምት መካከል ያለው ፀሐይ መልሶ ያደርቀውና እንደ ሸክላ ያጠነክረዋል። በዚህ ላይ የባሕር ዛፍ ፍርፋሪ ሲጨመርበት ሥራው አለቀ ማለት ነው። ባለፈው ሐምሌ አንዲት መኪና እንዲሁ ስትፈተሽ፣ ከፊት ቱቦዋ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ምላስ በሁለት ጣቴ ጫን ጫን ሳደርጋት መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት የባሕር ዛፍ አበባ ክዳኖች እርስ በርስ ተጣብቀው ወደቁ፤ ከዚያም ዝገት የመሰለ፣ የረግረግ ሽታ ያለው ውሃ እስከ ክርኔ ድረስ ወረደብኝ። የመኪናዋ ባለቤት ለሁለት ክረምት ምንጣፍ ሲያሰጡ የኖሩት በእነዚያ ሁለት ክዳኖች ምክንያት ነበር።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ዝናብ በሌለበት ሰዓት መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው ሰንሩፉን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። አሸንዳውን በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ፤ መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ግን አይንኩት፤ እዚያ ያለው ግሪስ ሆን ተብሎ የተቀባ ነው። ከዚያም ለእጅ መታጠቢያ ወይም ለውዱእ የምንጠቀምበትን አፉ ቀጭን የሆነ ማንቆርቆሪያ ውሃ ሞልተው ከፊት ግራ ማዕዘን ባለው ቀዳዳ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ያህል ቀስ ብለው ያፍስሱ። ባለቤትዎ በሩን ከፍተው ማጠፊያው አጠገብና ከፊት ቸርኬው ጀርባ ይመልከቱ። ጤነኛ ቱቦ ውሃውን በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መሬት ላይ ያወርደዋል። ውሃው አሸንዳው ውስጥ ቆሞ ከቀረ ቱቦው ተደፍኗል። ውሃው ከአሸንዳው ጠፍቶ በውጭም ካልታየ ግን ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ወልቋል ወይም ተሰንጥቋል፤ ያፈሰሱት ውሃም መኪናዋ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። አራቱንም ማዕዘን በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካረጠቡ የትኛው እንደተደፈነ ማወቅ አይችሉም።

የተደፈነውን ለመክፈት የሚያስፈልገው ወፍራም የናይለን ክር ነው። ለሣር ማጨጃ ማሽን የሚያገለግለው፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ይበቃል። ጫፉን በክብሪት ነካ አድርገው ያድቦልቡሉት፤ ሹል ጫፍ ቱቦውን ይቀድዳልና። ክሩን ከላይ በቀዳዳው እያሽከረከሩ በዝግታ ይላኩት፤ ሲይዝብዎ አይግፉት፤ መለስ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። መጨረሻ ላይ ለስላሳ ነገር ከያዘው የደረሰው ከታች ካለችው የጎማ ምላስ ላይ ሊሆን ስለሚችል ከሥር ገብተው በጣት ጫን ጫን ያድርጓት። ብዙ ሰው የብስክሌት ፍሬን ገመድ ሲጠቀም አያለሁ፤ የተበተነው የሽቦው ጫፍ ቱቦውን ከውስጥ ስለሚቧጭረው አልመክርም። ክሩ ካለፈ በኋላ ለብ ያለ ውሃ ደጋግመው ያፍስሱ፤ ከታች የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ ይቀጥሉ።

ስለ ኮምፕሬሰር በተለይ ልናገር፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጋራዥና ላቫጆ አስቀድሞ የሚያነሣው እሱን ነው። ቱቦዎቹ ከአሸንዳው አፍንጫ ላይ በአብዛኛው የተሰኩ ናቸው እንጂ በማሠሪያ አልተጠበቁም። ለጎማ መንፊያ የሚያገለግል ኃይለኛ አየር ከታች ሲገባባቸው የተደፈነው ነገር ሳይወጣ ቱቦው ራሱ ከላይ ይወልቃል። ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ራሴ በአንዲት መኪና ላይ ይህን አድርጌያለሁ። «ፈስ» የሚል ድምፅ ስሰማ ተከፈተ ብዬ ደስ አለኝ፤ በማግስቱ ግን ባለቤቷ ከበፊቱ እጥፍ የረጠበ ምንጣፍ ይዘው መጡ። የወለቀውን ቱቦ መልሶ ለመሰካት የጣሪያውን ጨርቅ በሙሉ ማውረድ ነበረብኝ፤ በሁለት ሰዓት ማለቅ የነበረበት ሥራ ሁለት ቀን ወሰደ። ስለዚህ እባክዎ ማንም ሰው የአየር አፈሙዝ ወደዚያ ቱቦ እንዲያስገባ አይፍቀዱ። ክሩ አልሠራ ካለ ከታች በኩል በቤት አቧራ መሳቢያ ማሽን መሳብ ከመንፋት ይሻላል፤ ይህን ግን ቱቦው ውስጥ የቆመ ውሃ በሌለበት ሰዓት፣ ወይም ውሃ መሳብ በሚችል ማሽን ብቻ ያድርጉት።

ጎማውን በሚመለከት የእጅዎን ምስክርነት አምናለሁ፤ ለማረጋገጥ ያህል ግን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ቀጭን ወረቀት ቆርጠው በመስታወቱና በጣሪያው መካከል አድርገው ሰንሩፉን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡ። በዙሪያው ሁሉ ያዝ እያደረገ ከወጣ ጎማው ደኅና ነው። አንድ ቦታ ላይ ምንም ሳይይዘው ከተንሸራተተ ጎማው እዚያ ላይ ተጫጭኗል ወይም መስታወቱ ተዛንፏል። ደሴን በመሰለ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ጎማ ስለሚያደርቅ በሳሙናና በውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሲልኮን ግሪስ በስሱ ቢቀቡት ዕድሜው ይረዝማል። ቫዝሊንና የሞተር ዘይት ግን አይቀቡት፤ የነዳጅ ዘር ያለበት ቅባት ይህን ዓይነቱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ቱቦዎቹ ሁሉ ውሃውን በደንብ እያወረዱ፣ ጎማውም ወረቀቱን እየያዘ፣ አሁንም የምታፈስስ ከሆነ የቀረው ጥርጣሬ አሸንዳው ራሱ ተሰንጥቋል ወይም የማዕዘኑ መገጣጠሚያ ተላቅቋል የሚል ነው። ያ ጊዜ የጣሪያው ጨርቅ መውረዱ ስለማይቀር ሥራውን ለባለሙያ ይስጡት። የምሰሶዎቹን መሸፈኛ ፕላስቲክ በካቻቪቴ ለመንቀል ራስዎ አይሞክሩ፤ በብዙ መኪኖች ላይ የጎን ኤርባግ የሚያልፈው ከዚያው ሥር ነው፤ ባለሙያውም ቢሆን የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሊነካው አይገባም።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሽታው የሻጋታ ነው፤ ሻጋታው ያለው ደግሞ ዓይን በሚያየው ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ከሥሩ በተነጠፈው ወፍራም ስፖንጅ ውስጥ ነው። ላዩ ደርቆ ሥሩ ለሳምንታት ውሃ ይዞ ይቆያል፤ በሽቶ መሸፈንም ለልጁ አይረዳውም። የደጃፉን ፕላስቲክ አንሥተው፣ ምንጣፉን ጠርዙን ይዘው ከፍ ያድርጉና እጅዎን ከሥሩ ይስደዱ፤ ስፖንጁ ሲጨመቅ ውሃ ከወጣው በጨርቅ እየመጠጡ፣ ከሥሩ እንጨት ወይም ጡብ ደግፈው አየር እንዲገባበት ያድርጉ። በሐምሌ ደሴ ላይ ምንም ነገር እንደማይደርቅ አውቃለሁ። እኔ ብሆን ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቄ ወደ ኮምቦልቻ እወርድ ነበር፤ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ይሻላል፤ ሙሉ ቀን በሮቿን ከፍቶ ማዋል በደሴ ከአንድ ሳምንት በላይ ይሠራል። በመንገድ ላይም ማሞቂያውንና ኤሲውን አብረው ያብሩ፤ ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ በመስታወቱ ላይ የሚጋገረው ጉምም ይጠፋል። በሾፌሩ እግር በስተግራ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ የፊውዝ ሳጥንና የሽቦ መጋጠሚያዎች ካሉ ይመልከቷቸው፤ አረንጓዴ ዝገት ከታየባቸው ኤሌክትሪሺያን ያጽዳቸው። በሮች በራሳቸው የሚቆለፉባት ወይም መብራቷ ሳይነካ የሚበራባት መኪና ብዙ ጊዜ የምትታመመው ከዚያ እርጥበት ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦

ሥራዬ ሹፍርና ነው። የማሽከረክረው መኪና ሰንሩፍ አለው፤ አምና ማፍሰስ ሲጀምር አንድ ጋራዥ ዙሪያውን በሲልኮን ሞላልን፤ ሰንሩፉ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ነበር። ዘንድሮ ግን ባሰበት። ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከፊት የጣሪያ መብራት ውስጥ ውሃ እንደ ቧንቧ ይወርድብኛል፤ ያውም ዝናቡ ካቆመ በኋላ። ሲልኮኑን ደግመን እንሙላው ወይ?

መልስ፦

አይሙሉት፤ ወንድሜ፣ ይህን በጥብቅ እለምንዎታለሁ። በዚህ ዓምድ የሚደርሱኝን ደብዳቤዎች ሳነብ በጣም የሚያሳዝነኝ በሲልኮን የተገነዘ ሰንሩፍ ነው፤ በቀላሉ የሚጠገነውን ነገር ለመጠገን አስቸጋሪ ያደርገዋልና።

የደረሰው ይህ ይመስለኛል። ሲልኮኑ ሲሞላ ከመስታወቱ ጠርዝ አልፎ ወደ አሸንዳው ወርዷል፤ ምናልባትም የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ደፍኗል። ሲልኮን በአቧራና በሰም በተሸፈነ ቀለም ላይ በደንብ ስለማይዝ ከጥቂት ወር በኋላ እዚህም እዚያም ተላቅቆ ውሃ ያስገባል። የገባው ውሃ ግን መውጫ የለውም። አሸንዳው እንደ ገንዳ ሞልቶ ከጣሪያው ጨርቅ በላይ ተቀምጧል፤ መኪናው ሜዳ ላይ ሲሄድ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዙ ግን ወደ ፊት ይንደረደርና ጠርዙን አልፎ ዝቅተኛውን ክፍተት ይፈልጋል፤ ያ ክፍተት የመብራቱ ቀዳዳ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ መፍሰሱ ራሱ ውሃው ከሰማይ እየመጣ ሳይሆን ከተጠራቀመበት እየፈሰሰ መሆኑን ይነግርዎታል። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ በግራ፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ በቀኝ በኩል የሚፈስ ከሆነም ያው ነው።

ዛሬውኑ የሚደረገው ነገር የመብራቱን ፊውዝ መንቀል ነው፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቀዳዳ አይኖሩም። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ድንገት ዓይን ውስጥ የሚገባ ውሃም ቀላል አደጋ አይደለምና መኪናው ሳይጠገን በዝናብ ቀን በሐረጎ ባይወርዱ እመርጣለሁ።

ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲልኮኑ በምላጭ ሳይሆን በፕላስቲክ መላጊያ በዝግታ ይላጣል፤ ምላጭ ቀለሙን ቆርጦ ላሜራውን ለዝገት ያጋልጠዋል። ቤንዚንም አይፍሰስበት፤ ቀለሙንም ጎማውንም ይጎዳል፤ ሲልኮኑን ግን አያሟሟውም። አብዛኛው ከተላጠ በኋላ ሰንሩፉን በኃይል አይክፈቱት። የመስታወቱ ጠርዝ አሁንም ተጣብቆ ሳለ ሞተሩ ቢጎትት ገመዱ ወይም ፕላስቲክ መያዣው ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ወጪው ሌላ ነው። ከውስጥ ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ መስታወቱን ወደ ላይ ማንሣት ይሻላል፤ ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

መስታወቱ ሲነሣ አሸንዳውን በሙሉ ለማየት የማይገኝ ዕድል ነውና ለደሴዋ መምህርት እንደጻፍኩት አራቱንም ቱቦ በውሃና በናይለን ክር ይፈትሹ። መልሶ ሲገጠም ከፍታው በደንብ መለካት አለበት። በብዙ መኪኖች ላይ የመስታወቱ የፊት ጠርዝ ከጣሪያው ጋር እኩል ወይም በ1 ሚሊ ሜትር ዝቅ፣ የኋላ ጠርዙ ደግሞ እኩል ወይም በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። በጣት ጫፍ ዳስሶ መለየት ይቻላል፤ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄዱ ጣትዎ ፊት ላይ የሚደናቀፍ ከሆነ መስታወቱ ከፍ ብሏል፤ ነፋሱ ከሥሩ ይገባል፤ ያፏጫል፤ ውሃውንም ይገፋል። ጎማው በሲልኮን ተበላሽቶ ከተገኘ መለወጡ አይቀርም። ሲያዙ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ፤ በዓይን የሚመሳሰሉ ጎማዎች በውፍረት ይለያያሉ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦

አሰላሙ ዓለይኩም። ነጋዴ ነኝ፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። መኪናዬ ሰንሩፍ አላት። ለሥራ ወደ ቆቦ በወረድኩ ቁጥር ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው እግሩ ይረጥባል። ልጆቼ ሰንሩፉ ነው ይሉኛል፤ ወሩ ግን ግንቦት ነበር፤ ዝናብም አልነበረም። ከየት ይመጣል?

መልስ፦

ወዓለይኩሙ ሰላም፣ አባቴ። ልጆችዎ ሰንሩፉን በከንቱ ጠርጥረውታል። ወደ ቆቦ ቆላ ሲወርዱ ኤሲ ያበራሉ ብዬ እገምታለሁ። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ማቀዝቀዣ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላብ ውሃ ይሠራል፤ ያ ውሃ በአንዲት ትንሽ ቱቦ ወደ ውጭ መፍሰስ ሲገባው ቱቦዋ በአቧራ ስትደፈን ወደ ውስጥ ይመለሳል። ለማረጋገጥ ኤሲውን ለግማሽ ሰዓት አብርተው መኪናዋን በደረቅ ቦታ ያቁሙና ከሥሯ ይመልከቱ፤ መሬቱ ካልረጠበ ቱቦዋ ተደፍናለች። መካኒክ ከታች ገብቶ በለስላሳ ክር ይከፍታታል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከዚህ በፊት ግን በእግር ሥር ያለውን ውሃ በጣትዎ ነክተው ያሽትቱት። ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ከሆነ የነገርኩዎት ነው። የሚያሙለጨልጭ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለውና ቀለም ያለው ከሆነ ግን ከማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር የሚወጣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ይህ ሲሆን የፊት መስታወቱም የቅባት ጉም ይይዛል። ሞተሩ ውሃ አጥቶ እንዳይቃጠል የራዲያተሩን ልክ ሳያዩ ወደ ቆቦም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ አይውረዱ፤ ክዳኑንም የሚከፍቱት ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፤ ካየኋቸው ሁለቱ ሰንሩፍ አላቸው። የሚያፈስስ መሆኑን በበጋ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦

ሻጩን አስፈቅደው ማንቆርቆሪያውን ይዘው ይሂዱ፤ ከላይ የገለጽኩት የውሃ ፍተሻ በጥር ወር ፀሐይም ይሠራል። ከዚያ በፊት ግን መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተው አንዴ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፤ ብዙ ሽቶ የተንጠለጠለበት መኪና ጥያቄ ማስነሣት አለበት። በጣሪያ መብራቱ ዙሪያና በአራቱም ጥጎች ጨርቁን በጎን በሚመታ ብርሃን ይመልከቱ፤ አዲስ የታጠበ ጨርቅ እንኳ የክቡን ጠርዝ ደብዘዝ አድርጎ ያሳያል። በእግር ሥር ያለውን ምንጣፍ በመዳፍዎ ጠንከር አድርገው ይጫኑት። ወንበሮቹን ወደ ኋላ ገፍተው የወንበር ሐዲዱን ብሎኖች ይዩ፤ ላዩ ንጹሕ ሆኖ ብሎኖቹ የዛጉበት መኪና ወለሉ ውሃ ሲጠጣ ቆይቷል።

በመጨረሻ የኋላውን ክፍል ይክፈቱና የትርፍ ጎማውን ክዳን ያንሡ። የኋላ ማፍሰሻ ቱቦዎች ሲወልቁ ውሃው ብዙ ጊዜ የሚጠራቀመው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከጎማው ሥር የደረቀ የጭቃ መስመር ካዩ ውሃው እስከ የት ከፍ ብሎ እንደነበር በጣትዎ መለካት ይችላሉ።